አታራክሲ ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ጥያቄው፦ «አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ልብወለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዲት ሴት ረጅም የፍርድ ቤት ክርክር ከጨረሰች በኋላ ‹ወደ አንድ ዓይነት አታራክሲ ደርሳ ነበር› ይላል። መዝገበ ቃላቱ ‹እርጋታ› ብሎ አለፈው። እርጋታ ከሆነ ካልም፣ ሰሪን፣ ትራንኩዊል የሚሉ ቃላት ሞልተው የለም እንዴ? ጸሐፊው ይህን ለምን መረጠ? ቃሉስ ከየት መጣ? አፓቲ ከሚለው ጋር አንድ ነው? እባክዎ ሰፋ አድርገው ቢያስረዱኝ።»

እህቴ፣ መዝገበ ቃላቱ አልተሳሳተም፤ አሳጠረው እንጂ። አታራክሲ በእንግሊዝኛ እርጋታን ከሚገልጹት ቃላት መካከል እምብዛም የማይሰማው ነው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ ሲገጥማቸው ቆም ይላሉ። ካልም ብሎ ማለፍ የሚችል ጸሐፊ ይህን ካነሳ፣ ሌላው ቃል የማይዘው ነገር ነበረው ማለት ነው። ያ ነገር የሚገኘው ቃሉ በተሠራበት መንገድ ውስጥ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምር።

ቃሉ የግሪክ ነው፤ እዚያ አታራክሲያ ይባላል። ፊት ያለችው «አ» አፍራሽ ናት፣ የእኛን «አልባ» ሥራ ትሠራለች። ቀሪው የመጣው ታራሴይን ከሚል ግስ ነው። ታራሴይን ማናወጥ ነው፣ ማማሰል ነው፣ ማደፍረስ ነው። በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ግጥም ውስጥ የባሕር አምላክ የሚባለው ፖሲዶን በጀግናው በኦዲሴየስ ላይ ሲቆጣ ደመናውን ይሰበስብና ባለሦስት ጣት መንሹን ይዞ ባሕሩን ያናውጠዋል። ግሱ ይኸው ነው። ከውሃ ተነስቶ ግን ወደ ብዙ ቦታ ሄደ። ሰልፉ የተበተነ ጦር ሲሆን ይኼ ግስ ይነገርለታል፤ የታመሰች ከተማም፣ የተበጠበጠ ሆድም፣ በመጨረሻም የሰው ልብ።

ከዚህ ቤተሰብ እኔ በጣም የምወደው ታራክሲፖስ የሚለው ነው፤ «ፈረስ አዋኪ» ማለት ነው። በኦሎምፒያ የፈረስ መሮጫ ሜዳ፣ ከአፈር ድልድሉ ዘንድ፣ ክብ መሠዊያ የመሰለ ነገር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት ግሪክን እየዞረ የጻፈው ፓውሳንያስ እንደሚነግረን ፈረሶቹ እዚያች ቦታ ሲደርሱ፣ የሚታይ ምክንያት ሳይኖር፣ ድንጋጤ ይይዛቸዋል። ከድንጋጤው ሁከት ይመጣል፣ ሠረገላው ይሰባበራል፣ ነጂው ይጎዳል። ስለዚህ ነጂዎቹ ቀድመው መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። ስለ ምክንያቱ ብዙ ይባላል፤ አንዱ እዚያ የተቀበረ ጀግና ነው ይላል፣ ሌላው ራሱ ፖሲዶን ነው ይላል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ምክንያቱ ሳይታይ ፈረሱ መደንበሩ ነው። ፈላስፎቹ ኋላ ስለ ሰው ልብ የሚሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደሚታወቅሽ ነገር ልምጣ። ይህን ግስ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ በአማርኛ ለብሶ ስለመጣ ነው ያላወቅሽው። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 መጀመሪያ ላይ «ልባችሁ አይታወክ» የሚለው፣ ግሪኩ ላይ ታራሴይን ነው። ምዕራፍ 5 ላይ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ 38 ዓመት የታመመው ሰው ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ የለኝም ሲል፣ «ሲናወጥ» የሚለውም ይኸው ግስ ነው። ጌታ ለአልዓዛር ሞት ሰዎቹ ሲያለቅሱ አይቶ ታወከ የሚለውም እሱው። አየሽ፣ አንዱ ግስ ለውሃውም ለልቡም ያገለግላል። ደግሞ ልብ በይ፦ ወንጌሉ መታወክን እንደ ነውር አላየውም፤ ክርስቶስ ራሱ ታውኳል። የግሪክ ፈላስፎች ግን ጠቢብ ሰው ፈጽሞ አይታወክም ሊሉ ፈልገው ነበር። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ተርጓሚዎቻችን «መታወክ» ማለታቸው ደግሞ በጣም የተዋጣ ምርጫ ነው። ታወከ፣ አወከ፣ ሁከት፣ እነዚህ ሁሉ ሆከ ከሚለው የግዕዝ ግስ ጋር አንድ ቤት ናቸው፤ ሆከ ማለትም አናወጠ፣ አነቃነቀ፣ በጠበጠ ነው። ከግሪኩ ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል ለማለት እደፍራለሁ። ስለዚህ አታራክሲን ቃል በቃል ብንመልሰው «አለመታወክ» ወይም «ሁከት አልባነት» ይሆናል።

እዚህ ላይ ሕጋችን የሚያግዘን ይመስለኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት የያዝኩትን ነገር ሰው እየረበሸብኝ ነው የሚል ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከሳል። ይህ ከሳሽ አዲስ ነገር ስጡኝ አላለም። መሬቱ በእጁ ነው፣ ቤቱ በእጁ ነው፤ ረባሹ ይነሳልኝ ነው የሚለው። የአታራክሲም አሳብ እንደዚያ ነው። ደስታን ከውጭ አምጥቶ የሚጨምር አይደለም። ልብ የሚያውከው ነገር ሲነሳለት በራሱ ይረጋል፣ ያ መርጋት ራሱ በቂ ደስታ ነው የሚል እምነት ነው ከበስተጀርባው ያለው። ካልም ይህን አይሸከምም። ካልም የሚለውን የሥርወ ቃል አዋቂዎች በአብዛኛው የሚወስዱት ካውማ ወደሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙ የሚያቃጥል ሙቀት ነው። በቀትር ሁሉ ነገር ጸጥ የሚልበትን፣ ሰው ጥላ ፈልጎ የሚያርፍበትን ሰዓት ያመለክታል። ሰሪን ደግሞ በላቲን ደመና የሌለው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ሁለቱም የአየር ጠባይ ናቸው፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አታራክሲ ግን ሰው ሠርቶ የሚደርስበት ነው። ልብወለዱም «ደርሳ ነበር» ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ እንዴት ነው የሚደረስበት? እዚህ ላይ ሦስት የፍልስፍና ቤት አለ፣ ሦስቱም በአንድ ዘመን ግሪክ ውስጥ የተነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው የፒሮ ነው። ፒሮ የኤሊስ ሰው ነበር፣ ከታላቁ እስክንድር ዘመቻ ጋር እስከ ሕንድ ሄዶ ራቁታቸውን የሚኖሩ ጠቢባን አግኝቷል ይባላል። አንድ ጊዜ መርከብ ላይ ሳለ ማዕበል ተነሳ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ተሸበረ። እሱ ግን አንዲት ትንሽ አሳማ ምግቧን ዝም ብላ ስትበላ አሳያቸውና፣ ጠቢብ ሰው እንዲህ ሊሆን ይገባዋል አላቸው ተብሎ ይተረካል። የእሱ መንገድ ፍርድን ማገድ ነው። ይህ ጥሩ ነው፣ ያ መጥፎ ነው ብለሽ ካልቆረጥሽ የምትሯሯጭለትም የምትሸሺውም ነገር አይኖርም።

ከእሱ ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ ሐኪሙ ሴክስተስ ኤምፒሪከስ ይህን አሳብ ሲያብራራ አንድ የሠዓሊ ታሪክ ያነሳል። አፔሌስ የሚባለው ሠዓሊ ፈረስ እየሣለ ነበር፣ የአፉን አረፋ ግን በምንም መንገድ ማሳመር አቃተው። ሞከረ፣ ሞከረ፣ ተስፋ ቆረጠ። በመጨረሻ የብሩሹን ቀለም የሚጠርግበትን ስፖንጅ አንስቶ ሥዕሉ ላይ ወረወረው። ስፖንጁ ሲያርፍ የፈለገውን አረፋ ሠርቶ ተገኘ። ሴክስተስ እንደሚለው ተጠራጣሪ የሚባሉት የፒሮ ወገኖችም እውነቱን ለይተው በመረጋጋት ሊያርፉ ተነሱ፤ አልሆነላቸውም፤ ፍርዳቸውን አገዱ፤ ያን ጊዜ አታራክሲያ ሳይጠሩት ተከተላቸው፣ ጥላ አካልን እንደሚከተል። ይህን ታሪክ ትንሽ ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ልብወለድሽ ውስጥ ያለችው ሴት በክርክሩ ያሸነፈች ሳይሆን ማን ትክክል ነበር የሚለውን መፈለግ ትታ ያረፈች ከሆነች፣ ጸሐፊው ያሰበው ይህን የፒሮን ቤት አታራክሲ ነው።

ሁለተኛው የኤፊቆሮስ ነው። ስሙን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ታስታውሺው ይሆናል፤ ጳውሎስ አቴና ላይ ከተከራከራቸው መካከል የኤፊቆሮስ ወገኖችና ኢስጦኢኮች ነበሩ። ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ341 እስከ 270 የኖረ ነው። በአቴና «የአትክልት ቦታ» በመባል የሚታወቅ ትምህርት ቤት ነበረው፣ ሴቶችና ባሪያዎችም ይማሩበት ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛ ስሙ ከጥጋብና ከቅምጥል ኑሮ ጋር ይያያዛል፣ ይህ ግን ሰውዬውን አይገልጸውም። ለአንድ ወዳጁ «ሲያሰኘኝ እንድደግስ ጥቂት አይብ ላክልኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ድግሱ አይብ ነው! አታራክሲያን የሕይወት ግብ ያደረገው በዋናነት እሱ ነው። ሥጋ ሕመም ባይኖርበት፣ ነፍስ ሁከት ባይኖርባት ከዚያ በላይ ደስታ የለም አለ።

ነፍስን የሚያውኳት ደግሞ በእሱ አስተያየት የታወቁ ናቸው፦ የአማልክት ፍርሃት፣ የሞት ፍርሃት፣ ማለቂያ የሌለው ምኞት። አንድ በአንድ አስረድቶ ሊያስወግዳቸው ሞከረ። ተከታዩ ፊሎዴሞስ ትምህርቱን በአራት አጫጭር ሐረጎች አሳጥሮ ጽፎታል፦ አምላክ አያስፈራም፣ ሞት አያሰጋም፣ መልካሙን ማግኘት ቀላል ነው፣ ክፉውን መታገሥም ቀላል ነው። የስብስቡ ስም «ባለአራቱ መድኃኒት» ነው፤ ስሙ የተወሰደው ከሰም፣ ከሞራ፣ ከዝፍትና ከሙጫ ከሚሠራ ቅባት ነው። ይህ ጽሑፍ የተገኘው የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ79 ከቀበራት ከሄርኩላኒየም ከተማ፣ ከከሰሉ ጥቅል ጽሑፎች ውስጥ ነው። እኔ እንደ አማኝ የመጀመሪያውን ሐረግ እሱ በሚለው መንገድ አልቀበለውም፤ ኤፊቆሮስ ግን ያስተማረውን ኖሮታል። በኩላሊት ጠጠር ተይዞ በሞተበት ጊዜ ሕመሙ ከዚህ ሊብስ እንደማይችል እየገለጸ፣ ከወዳጆቹ ጋር ያወጋውን በማስታወስ ግን ነፍሱ ደስ እንዳላት ጽፎ ነበር።

ሦስተኛዎቹ ኢስጦኢኮች ናቸው፣ ስለ አፓቲ ያነሳሽው እዚህ ጋ ይገባል። እነሱ አታራክሲያ የሚለውን ቢጠቀሙም የራሳቸው ቃል አፓቴያ ነበር። «ፓቶስ» የሚባለው ነፍስን የሚይዛት ከልክ ያለፈ ስሜት ነው፤ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ስስት፣ ትካዜ። አፓቴያ ከእነዚህ ነፃ መሆን ነው። ሰው ድንጋይ ይሁን አላሉም። ልጅን መውደድ፣ በመልካም ነገር መደሰት እነሱም ዘንድ ተፈቅዷል። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን አፓቲ ሆነና ወረደ፤ ዛሬ ግድየለሽነት፣ መሰልቸት፣ «የፈለገው ይሁን» ማለት ሆኗል። መራጩ ሕዝብ ድምፅ ለመስጠት ካልወጣ ጋዜጦቹ አፓቲ ይሉታል። አታራክሲ ይህ ዕጣ አልደረሰበትም። ብዙ ሰው ስላልነካው ይመስለኛል የጥንት ትርጉሙን እንደያዘ የቀረው። ስለዚህ መልሱ፦ ሁለቱ ጎረቤት ነበሩ፣ ዛሬ ግን አንድ አይደሉም። አፓቲ ያለበት ሰው ነገሩ አይገደውም። አታራክሲ ላይ የደረሰ ሰው ይገደዋል፣ ግን አይናወጥም።

ከዚህ ቤት ሳንወጣ ኤፒክቴተስን ላንሳ። ባሪያ ሆኖ የተወለደ፣ ኋላ ነፃ ወጥቶ መምህር የሆነ ሰው ነው። በጣም የታወቀው አባባሉ ሰዎችን የሚያውካቸው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያላቸው አሳብ ነው የሚለው ነው፤ እዚያም ያለው ግስ ታራሴይን ነው። ከፓውሳንያስ ፈረሶች ጋር አስተያይው።

አታራክሲ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ዞሮ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴን ስለ ፒሮ ተከታዮች ሲጽፍ ቃሉን በፈረንሳይኛ መልክ ተጠቀመበት፣ ምን ማለት እንደሆነም እዚያው አብራራው፤ ሰላማዊና የሰከነ ኑሮ ነው ብሎ። ጆን ፍሎሪዮ የሞንቴንን ድርሰቶች ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1603 ሲያሳትም ቃሉን ሳይተረጉመው እንዳለ አሳለፈው። ተርጓሚ ነሽና ይህ ሳያጽናናሽ አይቀርም፤ ፍሎሪዮም ተመጣጣኝ ቃል ፍለጋ አልተንገላታም። አታራክሲያ የሚለው ሙሉው የግሪክ መልክ ደግሞ ኋላ ተመልሶ መጣ፣ ዛሬ የፍልስፍና ጽሑፍ ላይ የምታገኚው በብዛት እሱን ነው። አታራክሲ የሚለውን የሚመርጥ ጸሐፊ ትንሽ የቆየ፣ ሥነ ጽሑፋዊ ቃና ይፈልጋል።

ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከመጻሕፍት ወጥቶ ወደ መድኃኒት ቤት ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አእምሮን የሚያረጋጉ አዳዲስ መድኃኒቶች ሲወጡ ሐኪሞቹ ምን ብለው እንደሚጠሯቸው ተቸገሩ፤ ከማስተኛ ክኒኖች መለየት ነበረባቸው። የሲንሲናቲው የነርቭ ሐኪም ሃዋርድ ፋቢንግ ከአታራክሲ ቃል አውጥቶ «አታራክቲክ» እንበላቸው አለ። ለጥቂት ዓመታት በሕክምና መጽሔቶች ላይ ይታይ ነበር፣ ከዚያ ትራንኩዊላይዘር የሚለው አሸነፈው። አንድ ቅሪት ግን ዛሬም አለ። ለማሳከክና ለጭንቀት የሚታዘዘው ሃይድሮክሲዚን፣ የቤልጂየሙ ዩሲቢ ኩባንያ በ1950ዎቹ ያወጣው፣ አታራክስ በሚል ስም ይሸጣል። አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ካርቶኑን ሳያዩት አይቀሩም። ሌሊቱን ሲያክ ለሚያድር ሰው ስሙ ጥሩ ነው፤ ኤፊቆሮስ ግን ክኒን ውጦ የሚመጣውን እርጋታ አታራክሲያ ነው የሚል አይመስለኝም። እሱ ዘንድ ሁከቱ የሚወገደው ሲገባሽ ነው፣ ስትደነዝዢ አይደለም።

እንግዲህ ትርጉምሽ ላይ ምን ታድርጊ? «ተረጋግታ ነበር» ብትዪ ስህተት አይባልም፣ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይቀልላል። «ተረጋግታ ነበር» ከደቂቃ በፊት ተናዳ ለነበረችም ይሆናል። «የውስጥ ሰላም» የሚለው ዛሬ በየምክሩ ላይ ስለተደጋገመ እኔ እሸሸዋለሁ፤ በዚያ ላይ «የውስጥ ሰላም» አንድ የተገኘ ነገር ያስመስለዋል፣ እዚህ ደግሞ የተነሳ ነገር ነው ያለው። «ደንዝዛ ነበር» ፈጽሞ አይሆንም፣ እሱ አፓቲ ነው። እኔ ብሆን «ምንም ከማያውካት ደረጃ ደርሳ ነበር» እል ነበር፤ ወይም ትንሽ ነፃ ወጥቼ «ልቧ መታወኩን ትቶ ነበር»። ሁለተኛው ለጆሮ ይሻላል። ታሪኩ የፍርድ ቤት ስለሆነ ደግሞ ሁከት ከሚለው ቃል ጋር ብትጫወቺ አያስነውርም፤ «ሁከቱ ከውስጧም ተወግዶ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር የአማርኛ አንባቢ ሁለቱንም ይሰማበታል። ይህ ግን ባለታሪኳ መሬት ወይም ቤት ስትከራከር ከነበረ ነው። የፍቺ ወይም የወንጀል ጉዳይ ከሆነ ተይው፣ ይጎረብጣል።

«አንድ ዓይነት» የምትለዋን እንዳትጥያት። ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ አታራክሲ ላይ ደርሳለች አላለም፣ ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ነው ያለው። በአማርኛ «መታወኩን የተወ መስሎ ነበር» ብትዪ ያቺ ጥርጣሬ ትገባለች፣ ግን ቀጥሎ ያለውን ገጽ አንብቢ፤ ሴትዮዋ ተመልሳ የምትናወጥ ከሆነ «መስሎ» የሚለው ተገቢ ነው፣ እስከ መጨረሻው ጸንታ የምትቆይ ከሆነ ግን ያሳንሳታል።

አነጋገሩን አልጠየቅሽም ግን ላክልልሽ፣ ብዙ ሰው ሲያጠፋው ስለምሰማ ነው። አታራክሲ ሲባል ድምፅሽ ከፍ የሚለው መጀመሪያዋ «አ» ላይ ነው። አታራክሲያ ሲሆን ግን ከፍታው ወደ «ራ» ይሄዳል። ቅጽል ስትፈልጊ አታራክቲክም አታራክሲክም ይባላል፣ ሁለቱም ግን የመድኃኒት ሽታ ስላላቸው ስለ ሰው ስትጽፊ ኢምፐርተርበብል የሚለውን ብትጠቀሚ ይሻላል፤ እሱ ከላቲን የመጣ ሆኖ በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ ነው፣ «የማይታወክ» ማለት ነው። ለሥራ ማመልከቻ ወይም ለኢሜይል ደግሞ አንዱንም አታስገቢ፤ እዚያ ካልም በቂ ነው።